ጓንቱ የወሰደው ሹሩባ

በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሙያ በጓንት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪ ጓንቱን አጥልቆ ብየዳን በአንድ ሰዓት ይችላል፤ በምትኩ እጁ ከሚያውቀው አንዱን ይረሳል። የትኛውን እንደሆነ የሚታወቀው ቤት ሲገቡ ነው።

ዛሬ ብየዳ በጓንት ተምራ የገባችው አመለወርቅ የታናሽ እህቷን የቤዛን ፀጉር ለሦስት ከፈለችና ጣቶቿ ቆሙ። ሹሩባ ያስተማረቻት እናቷ ደግሞ ዛሬ በሕይወት የለችም።

«ምነው እትዬ፣ እጅሽን ትምህርት ቤት ረሳሽው?» ብላ ቤዛ ሳቀች። ዞራ ስታያት ግን ሳቋን ዋጠችው።

«ነገ ኤሌክትሪክ ነው አይደል?» አለች ቤዛ።

«ጓንቱን አላጠልቅም። ሦስት ዓመት ቢፈጅም ተምሬ እችለዋለሁ። አሁን አትነቃነቂ!»

በቤዛ ጆሮ አጠገብ ካለፈው ሳምንት ሳይፈታ የቀረ አንድ ሹሩባ ነበር። አመለወርቅ የትኛው ዘለላ በየትኛው ላይ እንዳለፈ እያየች አንድ ዙር ፈታች፤ መልሳም ጎነጎነችው።