ማጉረስ የረሳው እጅ

ምንታምር የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ናት። ቀኝ እጇ ሰው ሠራሽ ነው። መሥሪያ ቤቷ አዲስ የንድፍ ሶፍትዌር ሲያስገባ፣ የእጅሽ ሲስተም አርጅቷል፣ አብሮት አይሠራም ተባለች። ወይ አፕዴት ታስደርጋለች፣ ወይ ሥራዋን ትለቃለች። ምን አማራጭ አላት? አስደረገች።

ማታ፣ እጆቻቸው የሰለሉባቸውን አባቷን ልታበላ ተቀመጠች። ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ አነሳች። እጁ ከአፋቸው አንድ ጋት ሲቀረው ቀጥ አለ።

«ማጉረስ በአዲሱ ስሪት አልተካተተም» አለ እጁ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

አባቷ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ስልኳን በግራዋ አንስታ እጁን ወደሠራው ድርጅት ደወለች። «ወደ ድሮው መልሱልኝ!»

«አይመለስም እህቴ» አላት ሠራተኛው። «ለንድፍ ግን በጣም አሪፍ ነው። ለማጉረሱ ግራሽ አለ አይደል?»

«አባትን በግራ ያጎርሷል?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ትኩሱ ሽሮ በማይሰማት ቀኝ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። ጉርሻውን ከራሷ እጅ ነጥቃ በግራዋ ያዘችው፤ ወደ አፋቸው ልትሰደው ግን አልደፈረችም። በግራ እጅ የተሰጣቸውን ውሃ እንኳ ተቀብለው የማያውቁ ሰው ናቸው።

አባቷ ግራ እጇን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በይ አጉርሺኝ» አሉ፤ «አላየሁም።»