«ትዳር ተስማማው» ያልነው ሰው

«ትዳር የተስማማው ሰው እዩልኝ...»

ጀማነሽ ናት፤ የቢሯችን ጸሐፊ። ተከስተ በበሩ ሲገባ ሁለቱንም ጉንጮቹን በእጇ ያዘቻቸው።

«ሩቲ ምን እያበላችህ ነው? ፊትህ እንዲህ ድቡልቡል ያለው?»

«ተይኝ እስቲ ጀሚ... ሱሪዬ ሁሉ እምቢ አለኝ» አለ እየሳቀ።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። ካዛንቺስ፣ አንዲት ትንሽ የአስመጪ ቢሮ። ባልደረባችን ተከስተ በጥር ሩቲን አግብቶ ገና ሙሽራ ነበር።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እኔ የማየው ጉንጩን አልነበረም... ከዓይኑ ሥር ያለውን እንጂ። ጠዋት ሲገባ ዓይኑ ሥር ያብጣል፤ ከሰዓት በኋላ ይጎድላል። ካልሲው እግሩ ላይ ጎድጎድ ያለ ቀለበት ይተዋል።

ውፍረት ደግሞ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት አይሄድም።

ስሜን አልጽፍም። ዓይናፋር ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ስጠራ እጄን ያልበኛል። ቢሮ ውስጥ «እማሆይ» ይሉኝ ነበር... ዝም ስለምል፣ ምሳዬንም ለብቻዬ ስለምበላ።

አንድ ቀን የሽያጩ ኤልዳድ አለቃ ሆነና ሁላችንንም ቄራ ወስዶ ጋበዘን። ተከስተ ጥሬ ሥጋውን ሚጥሚጣ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ያን ያህል ሚጥሚጣ፣ ያን ያህል ጨው...

አልቻልኩም።

«ተከስተ... ደም ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ? ፊትህ እኮ ያበጠ ነው የሚመስለኝ።»



«እማሆይ አፏን የፈታችው በሟርት ነው» አለ ኤልዳድ።

ተከስተ ራሱ ሳቀ። «ደም ብዛት የሽማግሌና የነጭናጫ በሽታ ነው። እኔን ማን ያናድደኛል? ሙሽራ እኮ ነኝ።»

ጀማነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አንቺ... ሰው ሲያምርበት እንዲህ አይባልም። ዓይን ይሆንበታል።»

የቀናሁ መስሏት ነበር።

ያን ሌሊት አሰብኩበት። ቢሰማው የሚያምነኝ አንድ ነገር ነበረኝ... እናቴ እንኳ የማታውቀው። እሱን ልነግረው ወሰንኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቅኩት።

«ብቻህን ላናግርህ ፈልጌ ነበር... የግል ነገር ነው።»

ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ፊቴ እሳት ሆኗል።

ተከስተ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ የማዘን ነገር መጣ።

«እህቴ... ገብቶኛል።»

«ምኑ?»

«በቃ ገብቶኛል። የትናንቱም ነገር... አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። እኔ ግን ባለትዳር ነኝ። ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር።»

መልስ ሳይጠብቅ ደረጃውን ወርዶ ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄደ።

ወደድኩህ ልለው የመጣሁ መስሎታል።

ከዚያ ወዲህ ሸሸኝ። እኔ ሻይ ልቀዳ ስገባ እሱ ይወጣል። «እባክህ ተለካ» ብዬ በስልክ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም።

ሚስቱ ጋ ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለች ሩቲ። ስሜን ነገርኳት።

«አንቺ ነሽ ማለት ነው...» አለችና ዘጋችው።

ነሐሴ ላይ ቢሮ ውስጥ አስመለሰው። ትንፋሽ አጠረው። ሐኪም ቤት ሲለኩት ግፊቱ ከልክ አልፏል... ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጪ ሆነዋል። «ግፊቱ ለዓመታት ሲጎዳቸው ቆይቷል፤ ቶሎ ቢመጣ ኖሮ...» ብሎ ሐኪሙ ሳይጨርሰው ቀረ።

ደሙን በማሽን ማጠብ ጀመሩ። ከወንድሞቹ የሚስማማ ኩላሊት አልተገኘም።

ልጠይቀው ስሄድ እብጠቱ የለም፤ ሥጋውም የለም። ሩቲ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«ያን ቀን ደረጃው ላይ...» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሌላ ነገር ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ምን ነበር?»

ነገርኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ።

እኔም የኩላሊት ታማሚ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፊቴ ሲያብጥ የዶርም ጓደኞቼ «ካፌው ተስማማሽ» እያሉ ይስቁ ነበር። ለጉንፋን ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ግፊቴን ለካችኝ... ሕመሙ እዚያው ተደረሰበት። መድኃኒቴን በየቀኑ ተደብቄ እውጣለሁ። ምሳዬን ለብቻዬ የምበላው ጨው ስለሌለው ነው፤ እንዳይጠይቁኝ። ክትትሌን አላቋርጥም። ኩላሊቴ እስካሁን ይሠራል።

የደበቅኩት «ማን ያገባታል፣ ትወልዳለች ወይ» እንዳልባል ነበር።

ተከስተ ፈገግ አለ።

«እኔ ደግሞ... በጣም ያማርኩ መስሎኝ።»

ሩቲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ኅዳር ላይ ቀበርነው።

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ምን የመሰለ ወዝ ነበረው... ዓይን ነው የበላው» አሉ።

ጀማነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ኤልዳድም።

ምንም አልተናገርኩም። ሩቲም አልተናገረችም፤ የመናገር አቅም አልነበራትም። ያን ወር ሥራውን ለቀቅኩ። እዚያ ድንኳን ውስጥ ከነበሩት መካከል ተከስተን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ የሚያምኑ አሉ።

ወገኖቼ... ደም ግፊት ሽማግሌ አይመርጥም፤ ንዴትም አይጠብቅም። ሳያምም ውስጥ ውስጡን ይጨርሳል። ጠዋት የሚያብጥ ፊት ሁልጊዜ ምቾት አይደለም። ሳያማችሁ ተለኩ። መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ።

ሁሉም «አምሮበታል» የሚሉትን ሰው፣ ቀናች ሳትባሉ፣ አሟረተች ሳትባሉ፣ «አሞሃል» የምትሉት በምን ቃል ነው?

እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እናንተ ካገኛችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ለአንድ ሰው ይደርስ ይሆናል።