አረፈ

በመዝገብ በሕይወት ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሲገባ በራሱ የሚቆልፈው ቤት፣ በየምሽቱ «ሻምበል አልገቡም» ይልና በሩን ሳይቆልፍ ይተወዋል። ትርሲት ሰባት ዓመት ሙሉ የምታድረው በሩን በወንበር ደግፋ ነው።

ባሏ ሻምበል ምሕረተአብ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ከእርቁ ወዲህ በወጣው ሕግ፣ የሁለቱ ወገን መዝገብ ካልተስማማ በጦርነቱ ሞተ የሚባል ሰው የለም። ጠላት የነበሩት ምሕረተአብ ለመጨረሻ ጊዜ በበረረበት ቀን ሐይቁ ላይ አንድ አውሮፕላን ጥለናል ይላሉ። የእኛ መዝገብ ደግሞ ከሄዱት ያልተመለሰ የለም ይላል። ስለዚህ ትርሲት ጥቁር መልበስም ለቅሶ መቀመጥም አይፈቀድላትም።

ዛሬ የመዝገብ አስታራቂው አቶ ይገረም ቤቷ ድረስ መጥቶ አንድ ድምፅ አሰማት። በዚያ ቀን በሌላ አውሮፕላን ከባሏ ጎን የበረረው ጓደኛው በሬዲዮ የተናገረው ነው።

«ምሕረተአብ አረፈ።»

«የሬዲዮ ንግግሩን የሚጽፈው የእኛ ማሽን አውሮፕላኑ በሰላም መሬት ነካ ብሎ መዘገበው» አለ ይገረም። «ለእርስዎስ ምን ብሎ ነው የሚሰማዎት?»

እንዲደግምላት ጠየቀችው። ከቃሉ በኋላ ሳግ ይሰማል።

«አውሮፕላን አረፈ ተብሎ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?» አለችው።

«እንግዲያው ይህንኑ ብለው ይፈርሙልኝ።»

ፈረመች። ይገረም ከመቀመጫው ተነሳና «እግዜር ያጥናዎት» አላት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ማለት ለእሱም ክልክል ነበር።

ሲመሽ ትርሲት እንደ ልማዷ ወንበሩን ወደ በሩ ስትጎትት፣ ቁልፉ በራሱ ቀጭ አለ።

«ቤተሰቡ ሁሉ ገብቷል» አለ ቤቱ።