ካለው ጎን

ፈንታነሽ ቀስቱን በላፕቶፑ ማያ ላይ ከወጡት ሁለት ምርጫዎች መካከል አቁማ ዓይኖቿን በመዳፏ አሸች። የላይኛው፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ መጫን፤ የታችኛው፣ ካለው ጎን መጫን። የላይኛው ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ከጠዋት ጀምራ የወረዳውን ቢሮ ኮምፒውተሮች ስትፈታ ስትገጥም ለዋለች ሰው፣ ከሩብ ሰዓት ያለፈው ሁሉ ዳገት ነው።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ ገብረ ሕይወት። እሷ ኮምፒውተር በምታስተምርበት ክፍል፣ አጠገቧ ካለው የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ከሞጣ ተነሥተው፣ መንገድ ተዘግቶ ግንደወይን ሁለት ሌሊት አድረው፣ ላፕቶፓቸውን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው ቢቸና የደረሱት ዛሬ ረፋድ ላይ ነው።

«ላጥፋው ወይስ ይቆይ እያለ ነው፣ የኔታ።»

«ይቆይ እንጂ! አጥፊልኝ ብዬ መቼ መጣሁ?»

ውስጡ ያለው ቅኔያቸው ነው፤ የዐሥራ አንድ ዓመት። ዓይናቸው ሲደክም ደቀ መዝሙራቸው ይግዛው ከአፋቸው እየተቀበለ ጽፎታል። ይግዛው ከሁለት ዓመት በፊት ደጀን ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደተሳፈረ ወሬው ጠፋ። የጻፈበት የድሮ የፊደል ፕሮግራም የሚከፈተው በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱን ደግሞ ቫይረስ በልቶት፣ ተነሥቶ እስኪከፈት ዳዊት ይደገማል። አዲሷ ጸሐፊያቸው ወለተ ገብርኤል አንድ ገጽ ሳትሞላ ማሽኑ ስለሚደርቅባት፣ አዲስ ቅኔ መጻፉ ከቆመ ሰንብቷል።

ፈንታነሽ መጀመሪያ ልትቀዳው ሞክራ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀመረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ደረቀባት። ከማሽኑ የፍላሽ መሰኪያዎች የሚሠራው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም አሁን ከዊንዶውሱ ጎን የምትጭነው ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ያለበት ፍላሽ ይዞታል።

«ይኼን ሊኑክስ ያልሽውን ከስንት መረጥሽው?»

«እጄ ላይ ሁለት ዓይነት ነበረ። አንዱ መልከ መልካም ነው፤ ግን ይከብዳል። ይኼ ሽማግሌ አይችለውም።» ከንፈሯን ነከሰች። «ማሽኑን ማለቴ ነው፣ የኔታ።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።» ሳቁ። «ማን ነው የሠራው?»

«ብዙ ሰዎች ናቸው። ሠርተው በነፃ ይለቁታል። የፈለገ ይወስዳል፤ የቻለ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል።»

«እንደ ቅኔ ቤት ነዋ። እኛስ ከማን ገዝተን ተማርን?»

የታችኛውን መረጠች። ዲስኩን ለሁለት ከፍላ ሰፊውን ለድሮው፣ ጠባቡን ለአዲሱ ሰጠችና አስጀመረችው። መስመሩ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ።

ከጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ጠፋ።

የኔታ አላወቁም፤ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። ፈንታነሽ ግን ባትሪውን አየች። ዐሥራ ዘጠኝ በመቶ ይላል። ያረጀ ነውና ዓይኗ እያየ ዐሥራ ስድስት ሆነ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

ልትዋሻቸው አሰበች። ለመዋሸትም ደከማት። «መብራት ሄደ። ዲስኩን ከፍሎ ሳይጨርስ ባትሪው ካለቀ ቅኔው ሊጠፋ ይችላል።»

«ማቆም አይቻልም?»

«ማቆሙ ነው የሚያጠፋው።»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እንግዲያ ይሂድ።»

ትንሽ ቆይተው ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጸሎት መስሏት ነበር። ቅኔ ነው፤ የራሳቸው። አንዱን ዘልቀው፣ ሌላውን ጀምረው፣ መሐል ላይ ቆሙ። ከመነሻው ጀመሩት፤ እዚያው ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየመታ ቀረ።

«ይኼስ ሄዷል» አሉ ለራሳቸው። «ይግዛው ነበር የሚያቀብለኝ።»

ፈንታነሽ ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። ዘጠኝ። ሰባት። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ ቆየ፤ ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ባትሪው አራት ሲል መስመሩ ሞላ። ሦስት ሲል ላፕቶፑን ራሷ አጠፋችው። ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ብዙ ቆየች።

መብራት የመጣው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። የቀረውን ጭና ስትጨርስ ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። በጥቁሩ ማያ ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ወጣ፤ ከላይ አዲሱ፣ ከሥር የድሮው። የድሮውን መረጠች። ዳዊቱ እስኪደገም ጠበቁ።

ፋይሎቹ አሉ። ያገኘችውን ከፍታ ግእዙን እየተንተባተበች አነበበችላቸው።

«ይጥበቅ!» አሏት።

አጥብቃ ደገመችው። የኔታ ከአፏ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ወረዱት።

ለመሄድ ሲነሡ አጠቃቀሙን አስረዳቻቸው። «ሲበራ ሁለቱ ይመጣሉ። ካልነኩት እስከ ዐሥር ይቆጥርና አዲሱ ራሱ ይከፈታል። ወለተ ገብርኤል በአዲሱ ትጽፋለች።»

«ዐሥር ብቻ? እኔ እንኳ መነጽሬን ሳላወጣ ያልፈኛል።» ጋቢውን ላፕቶፑ ላይ ሊያለብሱ ጀምረው ተዉት። «ይግዛውም ሲመጣ የሚያውቀው የድሮውን ነው። ጥቂት ደንገጥ ብሎ ቢያመነታ እኮ ያልፈዋል።»

ሲመጣ ነው ያሉት።

ፈንታነሽ ወንበሩን መልሳ ሳበች። አዲሱን ከፍታ፣ ያን ዐሥር ቁጥር ፈልጋ አጥፍታ፣ ሰው እስኪመርጥ እንዲጠብቅ አዘዘችው። ላፕቶፑን እንደገና አስነሣችው።

የኔታ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፤ አንዱን ጆሮ፣ ቀጥሎ ሌላውን ፈልገው ሰኩት። ጎንበስ ሲሉ ሁለቱ መስመሮች ሳይቆጥሩ ቆመው ነበር።