ውሃ የሚጠጣ ኤግዚቢት

ሴትየዋ የተከሰሰችው ጓሮዋ ውስጥ አንዲት የካናቢስ ችግኝ በመገኘቷ ነው። ችግኟ ከጉልበት አታልፍም ነበር። ሴትየዋን የያዘው ፖሊስ ችግኟን ከነሥሯ ነቅሎ ወሰዳትና፣ እስከ ቀጠሮው ቀን ኤግዚቢቱ እንዳይደርቅበት ሰግቶ ከጣቢያው ጀርባ በርሜል ውስጥ ተከላት።

ዓቃቤ ሕጉ ቀረ፤ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። ዳኛው ታመሙ፤ አሁንም ሌላ ቀጠሮ። ከዚያ ክረምት ገባና ፍርድ ቤቱ ተዘጋ።

ጥቅምት ላይ ፖሊሱ ኤግዚቢቱን ከነበርሜሉ፣ ከባልደረባው ጋር ለሁለት ተሸክሞ ችሎት አስገባ። ተክሉ በቁመት ይበልጠዋል።

ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ላይ ተመለከቱ።

«ይሄ የእርስዎ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ የእኔዋ ይቺን ታክል ነበር» አለች ጉልበቷን ነክታ። «እንዲህ አድርጌ ማሳደጉን የት አውቄበት።»

«ሕጉ የሚከለክለው እኮ ማሳደጉን ነው» አሉ ዳኛው። «ታዲያ ማነው እዚህ ያደረሰው?»

ፖሊሱ ደረቱን ነፋ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ጠዋት ማታ ውሃ እያጠጣሁ፣ ፍጉንም ከቤቴ እያመጣሁ።»



ሴትየዋ በተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።