ግፊት ያልፈለገች ቮልስ

ጋሽ ይመር የመኪናቸውን ዲናሞ ካርቦን ቀይረው ባትሪዋን ባስሞሉ ማግስት ጠዋት ቁልፉን አዞሩ። አሮጌዋ ቮልስ ወዲያው ተነሳች፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራትም ጠፋ። ጎረቤታቸው ኑሕ እንደ ወትሮው እጅጌውን እየሰበሰበ ከግቢው ወጣ። ባትሪዋ አልሞላ ካለ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሱና ወንድሞቹ ነበሩ እየተራረቡ እስከ አስፋልቱ የሚገፏት። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ቆመ።

«ጋሼ፣ ተሠራች እንዴ?»

«ዲናሞው ነበር። ራሴ ሠራሁት።»

«ማሻአላህ! በቃ ተገላገልን!» እየሳቀ ጣሪያዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ግባ፣ አየር ጤና ላድርስህ።»

«አይ ጋሼ፣ እዚሁ ሱቁን ልክፈት። እርስዎንም ከመንገድዎ አላስቀርዎት።»

ኑሕ ተመልሶ ገባ፤ የግቢው በር ከኋላው ተዘጋ። ጋሽ ይመር ማርሽ አስገቡ፤ እግራቸውን ግን ከፍሪሲዮኑ ላይ አላነሱም። የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም። ድሮም አልነበራቸውም፤ ኑሕና ወንድሞቹ ገፍተው ሲያስነሱላቸው የልጆቹ ድካም ከንቱ እንዳይሆን ብለው እስከ ጦር ኃይሎች ነድተው ይመለሱ ነበር እንጂ። መሪውን እንደያዙ የተዘጋውን በር ትንሽ አዩት። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ።