ያልታጠበው መሃረብ

መካኒኩ ጥቁር ጭስ ወደምትተፋው የናፍጣ መኪና ጎንበስ ብሎ ነጭ ጨርቅ ፈለገ፤ በእጁ ያለው ሁሉ ዘይት የጠገበ ነበር። አጠገቡ የቆሙት የመኪናዋ ባለቤት የድሮ አለቃው ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ኮምፒውተር እያለ ጭስ በመሃረብ ይመረመራል? ውጣልኝ!» ብለው አባረውታል። ያንን ቂም እንደ በሽተኛ ሲያስታምም ኖሯል።

«ኮምፒውተሩስ ምን አለ?» አላቸው ሆን ብሎ።

«ፓምፑ ይቀየር አለ፣ ቀየርን። ጭሱ ያው ነው።» አለቃው ከኪሳቸው በደንብ የታጠፈ ነጭ መሃረብ አወጡ። ጥጉ ላይ ያለውን ጥቀርሻ አወቀው፤ ያን ቀን ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሮት የወጣው የራሱ መሃረብ ነው። «አላሳጠብኩትም» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ሲያጠራቅመው የኖረው ስድብ የት እንደገባ እንጃ። መሃረቡን ጭሱ ላይ ዘረጋው፤ ጥቀርሻው ደረቅ ነው፣ ዘይት የለበትም። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ወዴት ወዴት ይነዷታል?»

«ከቤት መድኃኒት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት።»

«ሳትሞቅ ያጠፏታል፣ ታዲያ ጥቀርሻው በምን ይቃጠል? ረጅም መንገድ ይንዷት።»

«ብቻዬን የት ልሂድ፣ አፍንጫው?»

ጭስ አሽትቶ በሽታ ይለያል ብለው ራሳቸው ያወጡለት ስም ነበር። ድሮ የጠገኑትን መኪና ሲሞክሩ፣ ሁለቱ እየተሳሳቁ እስከ ድልድዩ ይነዱ ነበር። መሃረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና መሪውን ያዘ።

«ይግቡ፣ እስከ ድልድዩ ነው» አለ። «ደግሞ ለመኪናዋ ብዬ ነው፤ ይቅር ያልኩዎት እንዳይመስልዎት።»